ጆንያው ላይ ያልተጻፈው የቡናችን ታሪክ

ወዳጆች፣ የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። አቦል ላይ ጀምራችሁ በረካ ላይ ብትጨርሱት ደስ ይለኛል። ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው፤ ለምን እንደሆነ መሃል ላይ 74110 የሚባል ቁጥር ጋ ስትደርሱ ይገባችኋል።

ሰሞኑን የቡና ንግድ በተነሳበት ሁሉ አንድ ጥያቄ አይጠፋም፦ «ይሄ ቡና ከየትኛው ማሳ መጣ?» ጥያቄውን ያመጣው የአውሮፓ ኅብረት የደን ሕግ ነው። ላኪው ይጨነቃል። ዩኒየኑ ጂፒኤስ ይዞ ገጠር ይወርዳል። ብዙ ሰው ነገሩን ትናንት የመጣ አዲስ ጣጣ አድርጎ ያወራዋል። እኔ ግን ጥያቄው ቢያንስ 270 ዓመት ዕድሜ አለው ባይ ነኝ። የቡናችን ታሪክ ስለ ቡናው የሚታወቀው ነገር የት ላይ እንደተያዘና የት ላይ እንደተጣለ የሚናገር ታሪክ ነው። እስኪ ከሥሩ እንየው።

የተሳሳተው ስም

ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ካርል ሊኒየስ በ1753 ለቡና ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣ «ኮፊያ አራቢካ» አለው። የዓረብ ቡና ማለት ነው። ለምን? አውሮፓ ቡናን ያወቀችው ከየመን በመጣ ምርት ስለነበር። መርከቡ የተነሳበትን ወደብ አዩ፤ ከባሕሩ ማዶ ያለውን ደን አላዩም። ዛሬ ሳይንሱ ራሱ የዚህ ቡና መገኛ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው ይላል፤ ስሙ ግን አልተቀየረም።

«ሞካ»ም ያው ነው። ሞካ በየመን ያለች የወደብ ከተማ ናት። የሐረር ቡና በኤደን በኩል እየተሻገረ በአውሮፓ ገበያ በሞካ ስም ሲሸጥ ኖሯል። የሐረር ገበሬ የለፋበትን ፍሬ፣ የየመን ወደብ ስሙን ሰጠው።

ከዚህ የምንማረው ቀላል ነገር ነው። በንግድ ሰንሰለት ውስጥ ስም የሚያወጣው ያመረተው ሳይሆን የመጨረሻው መረጃ ያለው ሰው ነው።

ለአንድ አገር ሁለት ስም

ምኒልክ ሐረርን በ1887፣ ካፋን በ1897 ከያዙ በኋላ ቡና የማዕከላዊው መንግሥት ዋና ሀብት እየሆነ መጣ። የጅቡቲው ባቡር በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። በምዕራብ በኩል ደግሞ የኢሉባቦርና የወለጋ ቡና በጋምቤላ አድርጎ በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን ይወርድ ነበር።

በዚያ ዘመን የውጭ ነጋዴዎች የእኛን ቡና በሁለት ስም ነበር የሚጠሩት። አንዱ «ሐረሪ»፣ ሌላው «አቢሲኒያ»። ሐረሪ የሚባለው ተተክሎና ተኮትኩቶ የሚመረተው የምሥራቁ ቡና ነው። አቢሲኒያ የሚባለው ደግሞ የቀረው ሁሉ! ካፋ፣ ጅማ፣ ኢሉባቦር፣ ወለጋ፣ ሲዳማ፣ ጌዴኦ... ይህ ሁሉ አገር፣ ይህ ሁሉ ጣዕም፣ በአንድ ስም ተጠቅልሎ «የጫካ ቡና» ተብሎ በርካሽ ይሸጣል።

መንደሩ ውስጥ ያለው ዕውቀት ግን ሌላ ነው። የጌዴኦ ገበሬ የቡና ዛፉን «ኩሩሜ»፣ «ደጋ»፣ «ወሊሾ» ብሎ ለይቶ ይጠራል። ኩሩሜ ፍሬው ደቀቅ ያለ ነው፤ ወሊሾ ተለቅ ያለ ነው። የትኛው ማሳ ቶሎ እንደሚቀላ፣ የትኛው ጥላ ዛፍ ሥር ቡናው እንደሚስማማው፣ ማን በጥንቃቄ እንደሚለቅም፣ ማን አረንጓዴውንም ቀዩንም አንድ ላይ እንደሚያራግፍ ሁሉም ያውቃል። አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ነው። ችግሩ ይህ ሁሉ ዕውቀት ከመንደሩ ገበያ አያልፍም። ሰብሳቢው የሃምሳ ቤት ቡና ገዝቶ አንድ ላይ ሲዘረግፈው ሃምሳ ታሪክ ይጠፋል። አቅራቢው የአሥር ሰብሳቢ ቡና ሲቀላቅል አምስት መቶ ታሪክ ይጠፋል። አዲስ አበባ ሲደርስ ቀሪው ክብደትና ቀለም ብቻ ነው።

በ1957 የብሔራዊ ቡና ቦርድ ሲቋቋም አንዱ ዓላማው ይህን መልክ ማስያዝ ነበር። ፈቃድ፣ የጥራት ደረጃ፣ የቡና ቅምሻ መጡ። አገሪቱ ስለ ቡናዋ በጽሑፍ ማወቅ የጀመረችበት ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። የሚጻፈው ግን የጥራት ደረጃ እንጂ የገበሬው ማንነት አልነበረም።

74110፦ ዕውቀት ተመልሶ የሄደበት ጊዜ

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። የዚህ ታሪክ ከሁሉም የምወደው ክፍል ይሄ ነው።

በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ። ፈንገስ ነው፤ አረንጓዴውን ፍሬ ዛፉ ላይ እንዳለ አጥቁሮ ያረግፈዋል። በጥቂት ዓመት ውስጥ በብዙ የቡና አካባቢ ተዛመተ። ለትንሽ ገበሬ መድኃኒት እየገዛ መርጨት የማይታሰብ ነበር። የአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ደግሞ የተንጠለጠለው ቡና ላይ ነው። ምን ይደረግ?

የጅማ ምርምር ጣቢያ ባለሙያዎች፣ ከእነሱም መካከል በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በኩል የመጣው ሆላንዳዊው ቫን ደር ግራፍ፣ መልሱን ከውጭ አላመጡትም። ወደ ገበሬው ማሳና ወደ ደኑ ገቡ። ሐሳባቸው ቀላል ነበር፦ ይህ ቡና የተፈጠረው እዚሁ ነው፤ የዘሩ ዓይነት እጅግ ብዙ ነው፤ ስለዚህ በበሽታው መሃል ቆመው ጤነኛ ፍሬ የያዙ ዛፎች መኖር አለባቸው። እውነትም ነበሩ። የተረፉትን ዛፎች እየለዩ ፍሬያቸውን ወሰዱ፣ ችግኛቸውን ሆን ብለው በበሽታው ፈተኑ፣ የቋቋሙትን አባዙ፣ ከዚያም ዘሩን መልሰው ለገበሬው አከፋፈሉ።

እያንዳንዱ እናት ዛፍ ቁጥር ተሰጠው። የቁጥሩ መጀመሪያ ዛፉ የተመረጠበት ዓመት ነው፤ 74 ማለት 1974። ስለዚህ 74110 እና 74112 በዚያ ዓመት የተመረጡ ናቸው፤ ሁለቱም የተገኙት ኢሉባቦር፣ መቱ አካባቢ፣ ቢሻሪ ከሚባል ቦታ ነው። ዛሬ በርቀት ያሉ የቡና ቆይዎች ማሸጊያቸው ላይ «74110» ብለው በኩራት ይጽፋሉ። ስንቱ ጠጪ ያ ቁጥር የመቱን አንድ ዛፍ የሚያስታውስ መዝገብ መሆኑን ያውቃል?

ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ የሆነው ነገር በቡና ታሪካችን ብርቅ ነው። ዕውቀቱ ከማሳ ተነስቶ ቤተ ሙከራ ገባ፣ ተፈተነ፣ ተመዘገበ፣ ከዚያም ወደ ማሳ ተመለሰ። ደርሶ መልስ! አብዛኛው የቡና ሥርዓታችን ግን የአንድ መንገድ ትኬት ነው የሚቆርጠው።

ዋጋው ሲወድቅ

ደርግ መጣ። የቡና ንግዱን በአብዛኛው የመንግሥት ኮርፖሬሽን ያዘው፤ ገበሬው በተተመነ ዋጋ ኮታ ያስገባል። ኮታ ማለት ኪሎ ነው። በደንብ የለቀመውም ያልለቀመውም እኩል ከተከፈለው፣ በደንብ የመልቀም ጥበብ ምን ያደርግለታል? ጥቅም የማያመጣ ዕውቀት ደግሞ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ እየሳሳ ይሄዳል።

በ1989 የዓለም የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት ፈረሰ። ዋጋው ዘቅጦ በ2001 አካባቢ አንድ ፓውንድ ቡና ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለው ገበሬ ብዙ ነው። በዚህ መሃል ነው የገበሬ ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች የተነሱት፦ ኦሮሚያ በ1999 በ34 መሠረታዊ ማኅበራት ጀመረ፣ ሲዳማ በ2001፣ ይርጋጨፌ በ2002 ተከተሉ። የኦሮሚያው ዩኒየን ሥራ አስኪያጅ አቶ ታደሰ መስቀላ በ2006 በወጣው «ብላክ ጎልድ» በተባለው ዘጋቢ ፊልም ዓለም አወቃቸው። ዩኒየኖቹ ያመጡት ትልቁ ነገር ምን ነበር ብትሉኝ፣ ቡናው ከነማኅበሩ ስም ወደ ውጭ መውጣቱ ነው። ገዢው «ይሄ የእነ እከሌ ማኅበር ቡና ነው» ማለት ቻለ። የኦርጋኒክና የፍትሐዊ ንግድ ምስክር ወረቀትም የተገኘው ማን አባል እንደሆነ፣ ማን ምን ያህል እንዳስገባ መዝገብ ስለተያዘ ነው። መዝገብ ገንዘብ ሆነ።

«መከታተል አንችልም» ያልንበት ክርክር

በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካ ቡና ማኅበር ተቃወመ፤ ስታርባክስም በሐሳቡ አልተስማማም። «የቦታ ስም ከሆነ የምስክርነት ምልክት ይሻላችኋል» ተባልን። የምስክርነት ምልክት ማለት ቡናው በእውነት ከዚያ ቦታ መምጣቱን እየተቆጣጠሩ ማረጋገጥ ነው።

በአቶ ጌታቸው መንግሥቴ የሚመራው የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት የሰጠው መልስ ታሪካዊ ነው። ቡናችን የሚመረተው ወደ 4 ሚሊዮን በሚጠጉ ትናንሽ ማሳዎች ነው፤ ገበሬው ረጅም መንገድ በእግሩ ተጉዞ ነው የሚያቀርበው፤ ይህን ሁሉ መከታተል አይቻልም፤ ወጪውም ተመልሶ ገበሬው ላይ ይወድቃል አሉ። በ2006 ኦክስፋም ዘመቻ ከፈተ፣ ጉዳዩ ዓለም አቀፍ ዜና ሆነ፣ በ2007 ሰኔ ላይ ኢትዮጵያና ስታርባክስ ስምምነት ፈጸሙ።

ክርክሩ ትክክል ነበር፤ ስማችንንም አስከበረ። ግን አንድ ነገር ለሌላ ጊዜ አሳደረ። ስሙን የእኛ አደረግነው፤ ከስሙ ጀርባ ያለውን መዝገብ ግን ገና አልሠራነውም ነበር።

ቂሙን የያዘው ጆንያ

የዚህ ክፍተት ዋጋ ብዙም ሳይቆይ ታየ። በ2008 ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ኬሚካል ቅሪት አገኘች። ጃፓን ከትልልቆቹ ገዢዎቻችን አንዷ ነበረች፤ ንግዱ በአንድ ጊዜ ቀዘቀዘ። የሚገርመው፣ የእኛ ገበሬ በአብዛኛው ለቡና ፀረ ተባይ የሚረጭ አይደለም። ታዲያ ኬሚካሉ ከየት መጣ? በኋላ ጣት የተቀሰረው ቡናው የተሞላበት ጆንያ ላይ ነው።

እስኪ አስቡት። ቡናው ንጹሕ፣ ገበሬው ንጹሕ፣ ጥፋቱ የጆንያ! ግን «ይህ ቡና የእነ እከሌ ነው፣ በዚህ መጋዘን አለፈ፣ እዚህ ጆንያ ውስጥ ተሞላ» ብሎ በወረቀት የሚያሳይ ሰንሰለት ከሌለህ፣ ንጹሕ መሆንህን በምን ታስረዳለህ? የአንዱ ጣጣ የሁሉ ሆነ። መረጃ የሌለው ሰው በጅምላ ይከሰሳል።

ምርት ገበያ፦ አንድ ዕውቀት ሰጥቶ ሌላውን ወሰደ

በዚያው ዓመት በሚያዝያ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ጀመረ። መሥራቿና የመጀመሪያዋ ሥራ አስፈጻሚ ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን ናቸው። በዓመቱ መጨረሻ ቡና በአዋጅ ወደዚያ ገባ።

ፍትሐዊ እንሁን፤ ምርት ገበያው የፈታው ችግር ትንሽ አልነበረም። ከዚያ በፊት ቡና በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ጨረታ ነበር የሚሸጠው። ገበሬው የዓለም ዋጋ ስንት እንደሆነ አያውቅም፤ ነጋዴው የነገረውን ያምናል። ምርት ገበያው በየገጠር ከተማው የዋጋ ሰሌዳ ሰቀለ፣ ዋጋውን በስልክ ማወቅ ተቻለ፣ ክፍያው በማግስቱ ይፈጸማል። ለዘመናት ከገበሬው የተደበቀው የዋጋ ዕውቀት ወደ ገበሬው ወረደ።

ግን ሥርዓቱ የተሠራበት ሐሳብ ቡናን እንደ ስንዴና እንደ ሰሊጥ ማየት ነው። አቅራቢው ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ዲላ ወይም ሌላ ቦታ ወዳለው መጋዘን ያስገባል። ናሙናው ለአድልዎ እንዳይመች ባለቤቱ በማይታወቅ ኮድ ይመረመራል። «የታጠበ ሲዳማ» ተብሎ ከነፊደሉና ከነደረጃው ይመደባል። ከዚያ በኋላ በአንድ ምድብ ያለ ቡና ሁሉ አንድ ነው። የየትኛው ማጠቢያ ጣቢያ እንደሆነ ገዢው አያውቅም። ሙስናን ለመከላከል የተደበቀው ስም አብሮ የገበሬውን ታሪክ ደበቀው።

ይሄ የሆነው ደግሞ ዓለም ላይ ጥሩ ቡና ፈላጊው «የማን ማሳ ነው? ማን አጠበው? ስንት ቀን ደረቀ?» እያለ ለመልሱ ጭማሪ መክፈል በጀመረበት ሰዓት ነው። ዩኒየኖችና ትልልቅ እርሻዎች በቀጥታ መላክ ይችሉ ስለነበር ታሪካቸውን ይዘው ቀሩ። ሌላው፣ ማለትም አብዛኛው፣ ታሪኩን መጋዘን በር ላይ አራገፈ።

በ2017 ሕጉ ተሻሻለ። ላኪና አቅራቢ በቀጥታ መተሳሰር ቻሉ፣ ገበሬም ራሱ የሚልክበት በር ተከፈተ። ውጤቱ ለመታየት ብዙ አልፈጀም። በ2020 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ «ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» የተባለውን የቡና ውድድር ስታስተናግድ አንደኛ የወጣው የአንድ የሲዳማ ገበሬ ቡና ነበር፤ በጨረታ አንዱ ፓውንድ 185 ዶላር ከ10 ሳንቲም ተሸጠ። ያ ቡና ተቀላቅሎ መጋዘን ገብቶ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? አንድ ደረጃና አንድ ፊደል። ዛፉ ያው ዛፍ፣ እጁም ያው እጅ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ስሙ አብሮት መጓዙ ነው።

አሁን አውሮፓ እየጠየቀ ነው

እንግዲህ ወደ ዛሬ ደረስን። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው ሕግ ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የተመረተ ቡና ገበያዬ አይገባም ይላል። ማስረጃው የማሳው አቀማመጥ ነው። እስከ 4 ሄክታር ላለ ማሳ አንድ የጂፒኤስ ነጥብ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ዙሪያው ተለክቶ መቅረብ አለበት። ምንጩ ከማይታወቅ ቡና ጋር መቀላቀል አይፈቀድም። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን እየተገፋ ቢመጣም ጥያቄው አልተነሳም።

አያችሁት? በ2005ቱ ክርክር «መከታተል አይቻልም» ያልናቸው እነዚያው ሚሊዮን ማሳዎች ናቸው። ያኔ መዝገቡ አማራጭ ነበር፤ አሁን የመግቢያ ትኬት ሆነ። ጀርመንን የመሰለ ትልቅ ገዢ ያለበት ገበያ ስለሆነ «ተዉት» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ሌላም ጣጣ አለ። በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የጌዴኦን መልክዓ ምድር ከሰማይ ብታዩት ደን ይመስላል። ከሥር ገብታችሁ ስታዩት ግን እርሻ ነው፦ ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከመሃል እንሰት፣ ከእንሰቱ ጎን ቡና። ሳተላይት ይህን ለይቶ ላያውቅ ይችላል። ገበሬው ያረጀ ጥላ ዛፍ ሲቆርጥ ካርታው «ደን ተመነጠረ» ብሎ ሊያነበው ይችላል። ያ መሬት እርሻ መሆኑን፣ ያ ዛፍ የተተከለ መሆኑን የሚያውቀው ማነው? ገበሬው። የእሱ ዕውቀት በመዝገብ ከሌለ፣ ደኑን ለትውልድ የጠበቀው ሰው በደን መንጣሪነት ሊከሰስ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ከዚህ ሁሉ ታሪክ አንድ ነገር ብቻ ይዘን እንውጣ ብባል፣ የምይዘው የመቱውን ዛፍ ነው። ዕውቀት የሠራልን ደርሶ መልስ በሆነበት ጊዜ ነው።

አሁን እየተሰበሰበ ያለው የጂፒኤስ ነጥብ ግን እንዳይሆን የምፈራው የአንድ መንገድ ትኬት ነው። ነጥቡ ተወስዶ ላኪው ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ሀምቡርግ ይሄዳል። ገበሬው እጅ ምን ቀረ? የማሳው ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት አለው? ከአንዱ ላኪ ወደ ሌላው ቢዞር መረጃው አብሮት ይዞራል ወይስ «የእኛ ንብረት ነው» ተብሎ ይታሰርበታል? ማሳዬ ብሎ የሰጠው መረጃ መደራደሪያው ካልሆነ ሰንሰለቱ ይሆንበታል።

ሁለተኛ፣ ጥራቱ። ቡናው አዲስ አበባ ይቀመሳል፣ ነጥብ ይሰጠዋል፣ ውጭ ሄዶ እንደገና ይቀመሳል። ያ ነጥብ ወደ ማጠቢያ ጣቢያው፣ ከዚያም ወደ ገበሬው ስንት ጊዜ ተመልሷል? «ዘንድሮ ቡናህ ጥሩ ነበር፤ አምና ግን አደራረቁ ላይ ተበላሽቷል» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ከብዙ ሥልጠና ይበልጣል። ወጪውም ሰሌዳና ጠመኔ ነው።

ሦስተኛ፣ ስሞቹ። ኩሩሜ፣ ደጋ፣ ወሊሾ የሚሉትን ስሞች የሚያውቁ ሽማግሌዎች ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። ጎማ ወረዳ ጮጬ ላይ ያለው የቡና ዘር ባንክ ዛፎቹን ለትውልድ ጠብቆ ይዟል፤ ዛፉ ግን ስሙንና አያያዙን አይናገርም። እሱን የሚናገረው ሰው ነው።

ሊኒየስ በ1753 የተሳሳተው ክፉ ሆኖ አይደለም። የሚነግረው ሰው ስላልነበረ ነው። እኛ ዘንድ ግን የሚነግሩን አሉ፤ የሚጠይቅና የሚጽፍ ነው የጎደለው።

ስለዚህ የቡና አገር ልጆች፣ ኮሜንት ላይ አንድ ነገር ጻፉልኝ። በእናንተ ቀበሌ የቡና ዛፍ ዓይነቶች ምን ምን ይባላሉ? አባቶች በምን ይለዩዋቸዋል? የማታውቁ ከሆነ ዛሬ ደውላችሁ አባባን ወይ አያቴን ጠይቁ። ከነአካባቢው ስም ጻፉት። በሚቀጥለው ጽሑፍ አንድ ላይ አሰባስቤ እመለስበታለሁ።

ቡና ጠጡ!